የልጅ ምግብ በበረዶ መስሪያው

ስድስት ወር የሞላው ልጅ ኖሯችሁ በየቀኑ ካሮት መቀቀል የሰለቻችሁ፣ እኔን የገላገለኝን ዘዴ ልንገራችሁ።

እሁድ እሁድ ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች አጥቤ፣ ልጬ፣ እከትፍና በትንሽ ውሃ ድስቱን ከድኜ ሹካ ሲነካው እስኪፈርስ አበስላለሁ። በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉት፤ ቫይታሚን ሲው አብሮ ይሄዳል። በዚያው ውሃ ፍጩት። መብራት ከጠፋ (መቼም ይጠፋል) በሹካ መደፍጠጥ ነው።

ሲበርድ የበረዶ መስሪያው ላይ ሙሉትና ፍሪዘር ውስጥ። ሲጠጥር ፍሬ ፍሬውን አውጥታችሁ ንጹህ ላስቲክ ውስጥ ጨምሩ፣ ቀኑንም ጻፉበት፣ በወር ውስጥ ጨርሱት። ጠዋት ሁለት ፍሬ አውጥቶ በደንብ ማሞቅ፣ ለብ ሲል ማብላት፣ አለቀ! ሳህን ላይ የተረፈውን ግን ለማታ ብላችሁ አታስቀምጡ፤ የልጁ ማንኪያ ነክቶታል። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውንም መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

አቮካዶና ሙዝ ይሄን ሁሉ ጣጣ አይፈልጉም፣ እዚያው ደፍጥጦ ማጉረስ ነው።

ጨውም ስኳርም አያስፈልግም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፣ እማማ «ለጉንፋን ጥሩ ነው» ቢሏችሁም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። አትክልት ብቻውን ብረት ስለሚያንሰው እኔ በደንብ የበሰለ ምስር ክክ አብሬ እፈጭበታለሁ። ብቻ ነጭ ልብስ አታልብሱት፣ የካሮት እድፍ አይለቅም።