አሮጌ መኪና ላይ ገንዘብ የሚያስጨርሱ ስህተቶች

የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስብ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የገዛሁላት የመሪ ልባስ ነው። ቀጥሎ ስፒከር። ቀጥሎ የቸርኬ ክዳን። ፍሬኑን ያሠራሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። እሱንም ዝናብ እየዘነበ ከፊቴ የነበረው መኪና ድንገት ቆሞ ልቤን ቀጥ ካደረገው በኋላ።

ትናንሽ አሮጌ መኪኖችን ስነዳ፣ ስጠግንና አንዳንዴም ሳበላሽ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ሃያ ዓመት የሞላት መኪና ትልቁ ማሻሻያዋ ፋብሪካው ሲያወጣት ወደነበረችበት መመለስ ነው። ሾክ አብዞርበሯ የሞተ፣ ጎሚኒዋ (የብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) የተሰነጣጠቀ መኪና ላይ የስፖርት ምናምን መግጠም በተቀደደ ሸሚዝ ላይ ክራቫት ማሰር ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህንን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ነው። ግማሾቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«ሰርቪሷ ሁሉ አልቋል» የሚለውን ማመን

የቀድሞ ባለቤት ቃል ደረሰኝ አይደለም። ታይሚንግ ቤልቷ (የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች በአንድ ስልት የሚያስኬደው ቺንጋ) ተቀይሯል ከተባላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ይህ ቺንጋ ከጎማ የተሠራ ነው። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፤ መኪናዋ ብዙ ባትነዳም ዕድሜ ብቻውን ያደርቀዋል። ትክክለኛውን ቁጥር የመኪናችሁ መመሪያ ይነግራችኋል።

ቢበጠስ ምን ይመጣል? እንደ ሞተሩ ነው። የድሮ ኮሮላዎች ላይ የነበረው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተኑ አይነካኩም። መንገድ ላይ ትቆማላችሁ፣ አዲስ ታስገጥማላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ብዙ የሆንዳ ሲቪክ ሞተሮች ግን እንዲህ ዕድለኛ አይደሉም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የተከፈተ ቫልቭ ያገኛል፣ ያጣምመዋል፣ ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። የናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ዛሬውኑ እወቁ። ሲቀየር ደግሞ የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ አብራችሁ ቀይሩት። የሚፈታው ያው ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ፓምፑ ቢያፈስ ለተመሳሳይ ሥራ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ሞተሯ በቺንጋ ፋንታ በሰንሰለት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱን በጊዜው ቀይሩ። ሰንሰለትን የሚገድለው የቆሸሸ ዘይት ነው።

ቴርሞስታት አስወጥቶ መንዳት

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፣ እኔንም በደንብ ቀጥቶኛል።

አንድ ጊዜ የመኪናዬ ሙቀት ትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ መጨመር ጀመረ። የወሰድኩለት መካኒክ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቴርሞስታቱን አወጣ፣ ቤቱን መልሶ ዘጋ። «ይሄ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ አያስፈልግሽም» ብሎ በእጄ ሰጠኝ። ቀስቱ ወርዶ ከሩቡ በታች ተቀመጠ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ነዳጅ መጠጣት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ጭስ። የሞተር ዘይት ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ ወተት የመሰለ ክሬም ተለጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የሚዘጋ በር ነው። አብዛኞቹ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መሐል መከፈት ይጀምራሉ። በሩ ከሌለ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። የነዳጅ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ዘይቱም በውስጡ የሚጠራቀመውን እርጥበት ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አያገኝም፤ ያ ክሬም የመጣው ከዚያ ነው። (ክሬሙን ስታዩ ወዲያው አትደንግጡ። የራዲያተር ውሃውም እየጎደለ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሊሆን ይችላል።)

ያወጣውን ቴርሞስታት ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ትንሽ ድስት ላይ ውሃ ጣድኩ፣ በሽቦ አንጠልጥዬ ከተትኩት፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ አስገባሁ። ለብዙ ደቂቃ ምንም የለም። 84 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የመሐሉ ክብ እንደ ፀጉር ቀጭን ክፍተት አሳየ። ውሃው ሲፈላ ትንሿ ጣቴ የምትገባበት ያህል ተከፍቷል። ከውሃው ሳወጣው ቀስ ብሎ ተዘጋ። ማለትም ደህና ነበር! ምንም ያልሆነ ዕቃ ነው ያስወጣሁት።

ታዲያ የሞቀችው ለምንድን ነው? ፍንጩ ከመጀመሪያው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ቆማ ስትሞቅና ስትንቀሳቀስ ስትበርድ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የማራገቢያው ነው፤ ስትሄድ ንፋሱ ራሱ ሥራውን ይሠራላታል። የኔዋ የማራገቢያ ሪሌይ (ማራገቢያውን የሚያበራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ተቃጥሎ ነበር። በተቃራኒው ፍጥነት ላይ ወይም ዳገት ላይ የምትሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ፓምፕ ጠርጥሩ። ይህቺን አንዲት ልዩነት ብቻ ብታውቁ ብዙ ወጪ ይቀርላችኋል።

እግረ መንገዴን፣ ባዶ ውሃ አትሙሉ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። የራዲያተር ክዳንም ተራ ክዳን አይደለም፤ ግፊት ይዞ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ የሚፈነዳበትም ለዚሁ ነው።

በግምት ዕቃ መቀየር

የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ጓደኛ ኮዱን በስልክ አነበበ፣ ፒ 0171 ይላል፣ ማለትም ለአየሩ የሚመጣው ነዳጅ አንሷል። ኢንተርኔት ላይ አንዱ «የኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለ። ሴንሰር ተገዛ። መብራቱ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ በራ።

ኮድ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው፤ መልእክተኛውን መቀየር መልእክቱን አይቀይረውም። አሮጌ መኪና ላይ ለዚህ ኮድ መጀመሪያ የሚታየው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ነው። ሞተሩን አስነሱና ጆሯችሁን አዘንብሉ። ፉጨት የመሰለ ድምፅ አለ? ላስቲኮቹን በጣታችሁ ጎንበስ ጎንበስ እያደረጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በተለይ ከሞተሩ ጋር የሚገናኙበት ጫፍ ላይ። ቀጥሎ የአየር ፊልተር፣ የአየር መጠን መለኪያ፣ የነዳጅ ፊልተርና የነዳጅ ግፊት። ሴንሰር መጨረሻ ላይ ነው።

የፍሬን ዘይትን መርሳት

የሞተር ዘይት ሁሉም ያስታውሳል። የፍሬን ዘይት ግን ካልጎደለ ማንም አያየውም። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው ቢያንስ 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ስትይዙ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይበቃል። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ችግር የለውም። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከነሱ ጋር አይቀላቀልም።

የፍሬን ሸራ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ አይቀየርም። ግራና ቀኙ አብሮ ነው። የአንዱ ቶሎ ካለቀ ሸራውን ሳይሆን ካሊፐሩን (ሸራውን የሚጨብጠውን ክፍል) ጠይቁ፤ የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ይሆናል። የኔዋ ወደ ግራ የምትስበው በዚህ ነበር። ወጪው ትንሽ ግሪስና የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ብቻ። ለሰባት ወር።

ጎማን በጥርሱ ብቻ መመዘን

ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ፤ ጎኑን አንብቡ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ተኝቶ ያረጀ ነው፤ እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም።

ትልቅ ቸርኬ መግጠም

ያምራል፣ አልክድም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ካልኩሌተር አውጡ። 175/70 አር 13 ጎማ እንበል። 175 ስፋቱ ነው፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ያለው መቶኛ፣ 13 የቸርኬው ኢንች። የጎኑ ከፍታ 122.5 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች 245። ቸርኬው 330 ገደማ። ድምሩ 575 ሚሊ ሜትር።

አሁን 185/60 አር 14 ሞክሩ። 578 ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፣ ሰፋ ባለ ጎማ መልክም አያያዝም ታገኛላችሁ። አንድ ወዳጄ ግን 195/65 አር 15 በርካሽ አገኘሁ ብሎ ገጠመ። እሱ 634 ነው፣ አሥር በመቶ ይበልጣል። የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲያሳየው እሱ 110 እየሄደ ነበር። መሪውን ሙሉ ሲያዞር ጎማው የጭቃ መከላከያውን ይልጣል። ያቺ ትንሽ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ ካላለ አልወጣም አለችው። ከመጀመሪያው መጠን ከሦስት በመቶ በላይ አትራቁ።

ሞላ ማስቆረጥ

መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ርካሹ መንገድ ግራይንደር ነው፣ በጣም ውዱም እሱ ነው። ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል፤ ሾክ አብዞርበሩ ግን ለዚያ ጥንካሬ አልተሠራም። ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ መጨረሻው ድረስ ገብቶ ይመታል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ወይም ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ከተቀመጠበት ቦታ ሊወጣ ይችላል። የጎማው አቀማመጥም ይዛባና የውስጥ ጠርዙ ብቻ ያልቃል። በእሳት አሙቆ ማለስለስማ ከዚህም ይብሳል፤ ብረቱ ኃይሉን ያጣል። ዝቅ ማለቱን በእውነት ከፈለጋችሁ ለመኪናችሁ ሞዴል አጥሮ የተሠራ ሞላና ከሱ ጋር የሚሄድ ሾክ አብዞርበር እስክትችሉ ድረስ ጠብቁ።

ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን) ስለማስወጣት ብዙ አልልም። ጩኸት ይጨምራል። ጉልበት አይጨምርም። ጎረቤት ይጣላችኋል።

ኃይለኛ አምፖልና ወፍራም ፊውዝ

ሌሊት መብራቱ ደካማ ሲሆን ሰው 100 ዋት አምፖል ይገዛል። የፋብሪካው 60 ዋት ከሆነ ሽቦው የተሠራው ለ5 አምፒር ገደማ ነው፤ 100 ዋት ከ8 በላይ ይስባል። ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በእጥፍ ሳይሆን ወደ ሦስት እጥፍ ነው የሚያድገው። ሶኬቱ ይቀልጣል። ፊውዙ ይቃጠላል፣ ያ ሰው በ30 አምፒር ይተካዋል፣ ባስ ካለም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ይጠቀልለዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ወፍራም ፊውዝ ስታስገቡ ቀድሞ እንዲቃጠል የምትመርጡት ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ደግሞ ያለው ከምንጣፉና ከዳሽቦርዱ ሥር ነው።

ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ መክተትም መፍትሔ አይደለም። መስታወቱ ብርሃኑን የሚመራው ከአምፖሉ ክር ትክክለኛ ቦታ ተነስቶ ነው። ቦታው ሲቀየር ብርሃኑ ይበተናል፣ የሚታወረው ከፊት የሚመጣው ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ ሳይሆን ቢጫ የሆነው የመብራቱ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። በቁጥር 800፣ ቀጥሎ 1000፣ ቀጥሎ 2000 የአሸዋ ወረቀት ውሃ እያጠጣችሁ ፈግፍጉት። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ወተት ይመስላል፤ አትደንግጡ። በፖሊሽ ስታሹት ይጠራል። ከዚያ ከፀሐይ የሚከላከል ቅብ ስጡት፤ ካለበለዚያ ተመልሶ ይቢጫል። በአንድ እሑድ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ለውጡ ደግሞ ሌሊት ወዲያው ይታያል።

በክሪክ ብቻ መኪና ሥር መግባት

ራሳችሁ መሥራት ስትጀምሩ ይህን ብቻ ሳትወያዩ ተቀበሉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ላስቲኩ ሊያፈስ፣ መሬቱ ሊሰምጥ፣ መኪናዋ ልትንሸራተት ትችላለች። ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ የተደራረበ እንጨትም አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። የብረት ማቆሚያ ሁለት ግዙ። ከስፒከሩ በፊት። ከቸርኬውም በፊት። ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት የሚነኩትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ደግፉ፣ ማቆሚያውን መመሪያው ካሳየው ቦታ ሥር አስገቡ፣ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱና ክብደቱ ማቆሚያው ላይ ይረፍ። ከዚያ ሳትገቡ በፊት ጎኗን በሁለት እጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉ። ትንሽ እንኳን ከተወዛወዘች አውርዷትና እንደገና ጀምሩ።