«ሜይን አልተገኘም» የሚለው የሲ ስህተት እንዴት ተፈታ

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ፋይል በጂሲሲ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀይረው ኮምፓይለር) ሲገነባ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ ሜይን»፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ሜይን የሚባለው ፋንክሽን አልተገኘም እያለ ይቆም ነበር። መልእክቱ የሚመጣው ከሊንከሩ፣ ማለትም የተተረጎሙትን የኮድ ክፍሎች በመጨረሻ ከሚያያይዘው መሣሪያ ነው፤ የአጻጻፍ ስህተት ቢኖር ከዚያ በፊት በቆመ ነበር፤ ስለዚህ የተረሳ ሴሚኮለን ፍለጋ መግባት ጊዜ ማባከን ነው። ሊንከሩ ከፕሮግራሙ ጋር የሚያያይዘው የማስጀመሪያ ኮድ ሜይንን ይጠራል፤ ካላገኘው የሚሠራ ፋይል አይወጣም። እዚህ ፋንክሽኑ የተጻፈው በትልቁ ኤም ነበር፤ ሲ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ወደ ትንሹ ኤም ተቀይሮ፣ ከፊቱ ኢንት፣ ቅንፉ ውስጥ ቮይድ ሲገባ ሠራ።

ስሙ ትክክል ሆኖም ስህተቱ ከቀጠለ ፋይሉ ሴቭ መደረጉን እዩ። ባዶ ፋይልም ይህንኑ መልእክት ይሰጣል (ጀማሪን በጣም የሚያደናግረው ይሄ ነው)። ፕሮግራሙ በሁለት ፋይል ከተከፈለ ሁለቱንም በአንድ ትእዛዝ ስጡት። ሜይን የሌለውን ለብቻው ለመፈተሽ ግን በትእዛዙ ላይ ሰረዝ ሲ (-c) ጨምሩ፤ ሊንክ ሳያደርግ ኦብጀክት ፋይል (ተተርጉሞ ገና ያልተያያዘ ኮድ) ብቻ ያወጣል።