አድኦኑ እምቢ ሲል ከየት እንጀምር?

ባለፈው ዓመት አንድ ሐረር የሚኖር፣ በፍላይት ሲሙሌተር (በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረሪያ ፕሮግራም) የሚጫወት ልጅ ማታ ደወለልኝ። አድኦን የምንለው ሲሙሌተሩ ላይ የሚጨመር አውሮፕላን፣ ኤርፖርት ወይም ሌላ ነገር ነው። «ጋሼ፣ የድሬን ኤርፖርት አድኦን ጫንኩት፣ ግን አይታይም። ስለዚህ ሲሙሌተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ እያወረድኩት ነው» አለኝ። አቦ፣ ምነው ሳታጠፋው በደወልክ አልኩት። የ2020ው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ስንት ሌሊት እንደሚያስነቃና ስንት ጥቅል እንደሚበላ የሞከረው ያውቀዋል። በኋላ ስናየው ችግሩ አንድ ፎልደር በሌላ ፎልደር ውስጥ መግባቱ ነበር። የሁለት ደቂቃ ሥራ።

ልጁ የከፈለው ዋጋ ስላሳዘነኝ ነው ይህን የምጽፈው። እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ቤቴ ቁጭ ብዬ የብዙ ልጆችን ላፕቶፕ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ችግር ምንም ሳይጠፋ ይፈታል።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ምንም አታጥፉ። ምንም አዲስ ነገር አትጫኑ። ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «አይሠራም» አትበሉ፤ እሱ ለማንም አይረዳም። «አውሮፕላኑ ዝርዝሩ ላይ የለም» ማለት አንድ ነገር ነው። «ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ስመርጠው ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል» ሌላ ነው። «20 ደቂቃ በደንብ ይበርና ድንገት ሲሙሌተሩ ይዘጋል» ደግሞ ሦስተኛ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የቦታ ስህተት ነው። ሁለተኛው የጎደለ ወይም ያልተስማማ ፋይል ነው። ሦስተኛው ላይ ሙቀትን፣ የሜሞሪ እጥረትንና እርስ በርስ የሚጣሉ አድኦኖችን ጠርጥሩ።

ከዚያ አድኦኑ የተሠራው ለየትኛው ሲሙሌተር እንደሆነ አረጋግጡ። ለ2006ቱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር፣ ለኤፍ ኤስ ኤክስ፣ የተሠራ አውሮፕላን ወደ አዲሱ ሲሙሌተር ኮፒ ስለተደረገ ብቻ አይነሳም። ኤክስ ፕሌን ለሚባለው ሌላ ሲሙሌተር፣ ለሥሪት 11 የተሠራ አውሮፕላን ሥሪት 12 ላይ ሊበር ይችላል፤ አንዳንድ ነገሩ ግን ሊበላሽ ይችላል። ከ2020ው ወደ 2024ቱ ማይክሮሶፍትም ብዙው ያልፋል፣ ሁሉም አያልፍም። ይህን ያወረዳችሁበት ገጽ ላይ ሁለት ደቂቃ ማንበብ የሌሊት ዳታ ያተርፋል።

ቦታው ትክክል ነው?

የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ውስጥ ከውጭ ያመጣችሁት አድኦን የሚገባው ኮሚዩኒቲ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ችግሩ ከማይክሮሶፍት ስቶር የገዛ ሰውና ስቲም ከሚባለው የጨዋታ መሸጫ የገዛ ሰው ፎልደሩን የሚያገኙት የተለያየ ቦታ መሆኑ ነው፤ ደግሞም አፕዳታ የሚባለው ፎልደር ዊንዶውስ ላይ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው የሚለውን ተጫኑና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ከዚያ «ዩዘር ሲኤፍጂ ዶት ኦፒቲ» የሚባለውን ፋይል ፈልጉና በኖትፓድ ክፈቱት። መጨረሻው አካባቢ «ኢንስቶልድ ፓኬጅስ ፓዝ» የሚል መስመር አለ። እዚያ የተጻፈው አድራሻ ነው እውነተኛው። ጓደኛችሁ የነገራችሁን አድራሻ ተዉትና ይህን ተከተሉ።

አሁን ኮሚዩኒቲ ውስጥ ግቡና የአድኦኑን ፎልደር ክፈቱ። ስትከፍቱት ወዲያው ማኒፌስት እና ሌይአውት የሚባሉ ሁለት የጄሰን ፋይሎች መታየት አለባቸው። ወዲያው፣ ሌላ ፎልደር ሳትከፍቱ። ዚፑ ሲፈታ ተመሳሳይ ስም ያለው ፎልደር በፎልደር ውስጥ ከፈጠረ ሲሙሌተሩ አያየውም። የሐረሩ ልጅ ችግር ይህ ነበር። የውስጡን ቆርጣችሁ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አውጡት፣ ሲሙሌተሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ኤክስ ፕሌን ላይ ነገሩ ይቀላል። አውሮፕላን ኤርክራፍት ፎልደር ውስጥ፣ ኤርፖርትና መልክዓ ምድር ከስተም ሲነሪ ውስጥ፣ ፕለጊን (ለሲሙሌተሩ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም) ደግሞ ሪሶርስስ ውስጥ ባለው ፕለጊንስ ፎልደር ይገባል። ከስተም ሲነሪ ውስጥ «ሲነሪ ፓክስ ዶት አይኤንአይ» የሚባል ዝርዝር አለ። እዚያ ከላይ የተጻፈው ከታቹ ይቀድማል። ስለዚህ ኤርፖርቶች ከላይ፣ የመሬቱ ሜሽ (የመሬቱን ከፍታና ቅርጽ የሚሰጠው) ከታች መሆን አለበት። ተገልብጦ ከሆነ ኤርፖርታችሁ ከሥር ይቀበራል። የአንድ ኤርፖርት ሁለት አድኦን ጭናችሁም ከሆነ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ይቆማል፤ አንዱን ከፎልደሩ አውጡ።

እኛ ጋ በብዛት የማየው ነገር

ይህን ክፍል ከሌላ ቦታ አታገኙትም ብዬ ስለማስብ ትንሽ ልቆይበት። ብዙዎቻችን ዊንዶውስ ላይ የራሳችንን ስም በአማርኛ ፊደል እንጽፋለን። ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዊንዶውስ የምትሰጡትን ስም የፎልደር ስም ሊያደርገው ይችላል፤ አንዳንድ አድኦን ደግሞ ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን አድራሻ ማንበብ ያቅተዋል። አድኦኑ ይጫናል፣ ስህተት አይልም፣ ግን ፋይሉን አያገኘውም። እንዲህ ከሆነባችሁ በላቲን ፊደል አዲስ የዊንዶውስ አካውንት ክፈቱና እዚያ ላይ ሞክሩ። የድሮውን አካውንት ስም ከላይ ብቻ ብትቀይሩት ፎልደሩ አብሮ አይቀየርም።

ሌላው የአድራሻ ርዝመት ነው። ዊንዶውስ ላይ የፋይል አድራሻ ብዙ ጊዜ ከ260 ፊደል በላይ ሲሆን ችግር ያመጣል። ዚፑን ዳውንሎድስ ውስጥ፣ በረጅም ስም ፎልደር ውስጥ፣ በሌላ ረጅም ፎልደር ውስጥ ስትፈቱት አንዳንድ ፋይል ሳይወጣ ይቀራል። ሲ ድራይቭ ላይ አንድ አጭር ስም ያለው ፎልደር ፍጠሩና እዚያ ፍቱት።

መብራት ደግሞ አለ። ዚፑ እየተፈታ መብራት ሄዶ ባትሪ ካለቀ፣ ግማሽ ፎልደር ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። ዚፑን አስቀምጡ፣ አታጥፉት፤ እንደገና መፍታት እንደገና ከማውረድ ይሻላል።

አንቲቫይረሱንም ተመልከቱ። የአድኦኑን ዲኤልኤል (የፕሮግራም ኮድ የያዘ) ፋይል በጥርጣሬ ወስዶ ያስቀምጠዋል፤ የታገዱትን ዝርዝር ክፈቱና እዩ። ፋይሉ ከሠሪው ገጽ የመጣ ከሆነ መልሱት። ከቴሌግራም የመጣ ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ኮፒ) ከሆነ ግን አንቲቫይረሱን አታጥፉለት። ብዙ ላፕቶፕ በዚህ ሲጠፋ አይቻለሁ። ደግሞ በክራክ የተጫነ ነገር ላይ ድጋፍ የሚሰጥ የለም። ገንዘብ ካጠረ ነፃ የሆኑ ጥሩ ነገሮች አሉ። የፍላይ ባይ ዋየር ኤርባስ ኤ320ኒዮ ለማይክሮሶፍቱ፣ የዚቦ ቦይንግ 737 ደግሞ ለኤክስ ፕሌን በነፃ ይገኛሉ።

ሙቀቱን አትርሱ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ላፕቶፕ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት በደንብ የበረረው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ እኛም አድኦኑን እንከስሳለን። ያንኑ በረራ ማታ ሲቀዘቅዝ ሞክሩት። ማታ ከተስተካከለ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ፋን ያለው ማስቀመጫ ፈልጉ።

ግማሽ በግማሽ

እስካሁን ካልተፈታ፣ የኮሚዩኒቲውን ፎልደር ስም ቀይሩና ባዶ ኮሚዩኒቲ ፍጠሩ። ሲሙሌተሩ ብቻውን በደንብ ከተነሳ ጥፋቱ ከአድኦኖቹ ነው። ብቻውንም ከተዘጋ አድኦኑን ልቀቁትና ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ ሂዱ።

ከአድኦኖቹ ከሆነ አንድ በአንድ አትሞክሩ። ግማሹን መልሱ። ችግሩ ከመጣ እዚያው ግማሽ ውስጥ ነው፣ ካልመጣ በሌላኛው ውስጥ። የተጠረጠረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉት። 32 አድኦን ቢኖራችሁ አምስት ሙከራ ላይ ጥፋተኛውን ታገኙታላችሁ። በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ወረቀት ላይም ጻፉ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ምናልባት አልተበላሸም

አንዲት ልጅ «ይቺ ሴስና ተበላሽታለች፣ ከድሬ አትነሳም» ብላ መጣች። አድኦኗን ሦስቴ አጥፍታ ጭናለች። አብረን ተቀመጥን። ሲሙሌተሩ ላይ የአየሩ ሙቀት 35 ዲግሪ ነበር፣ የነዳጅና የአየር ድብልቁ ቀይ እጀታ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተገፍቷል።

የድሬዳዋ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ35 ዲግሪ ሙቀት ግን አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ቦሌ ደግሞ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በሳሳ አየር ነዳጁ ሳይቀነስ ሲገባ ሞተሩ ይታፈናል። እውነተኛው ሴስና 172ም ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ኤርፖርት ሲነሳ ድብልቁ ይቀነሳል። እጀታውን ቀስ ብለን ወደ ኋላ ስንስበው የሞተሩ ዙር ወጣ፤ አውሮፕላኗም መንደርደሪያው ሳያልቅ ተነሳች። ልጅቷ እልል አለች፣ እኔም አብሬያት። አድኦኑ ትክክል ነበር፣ እንዲያውም በጣም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ስለዚህ ለድጋፍ ከመጻፋችሁ በፊት አብሮ የመጣውን ማንዋል ክፈቱ። ያንኑ በረራ ደግሞ በባሕር ጠረፍ ካለ ኤርፖርት፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት ሞክሩት።

አሁን ጻፉላቸው

አድኦን የሚሠሩት ከሲሙሌተሩ ባለቤት የተለዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መጻፍ ያለባችሁ ለአድኦኑ ሠሪ ነው። ነፃ አድኦን የሚሠሩት አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሠሩት፤ በትህትና ጠይቋቸው።

ማስረጃ ያዙ። ኤክስ ፕሌን ዋናው ፎልደሩ ላይ «ሎግ ዶት ቲኤክስቲ» የሚባል የመዝገብ ፋይል ይጽፋል። ሲሙሌተሩ ድጋሚ ሲከፈት ያ ፋይል ከላዩ ላይ ይጻፍበታል፣ ስለዚህ ከተዘጋባችሁ ሳትከፍቱት መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት። የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፤ አንዳንዴ የትኛው ፕለጊን እንደጣለው በስም ይናገራል። ለማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ላይ ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ፣ አፕሊኬሽን የሚለው ውስጥ በተዘጋበት ደቂቃ ቀይ ምልክት ታገኛላችሁ። እዚያ የተጠቀሰውን የፋይል ስም ስክሪንሾት አድርጉ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ስንል እነሱ 11 ሰዓት ዙሉ (አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የጋራ ሰዓት) ይሉታል። በእኛ ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ፣ የማታ ከሆነ ደግሞ 12 ደርቡበት፤ ማታ 3:30 ማለት 18:30 ዙሉ ነው። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ይህ ካልሆነ የእናንተ መልእክትና ሎጉ አይገናኙም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የሲሙሌተሩ ሥሪት ቁጥር፣ የአድኦኑ ሥሪት ቁጥር፣ ዊንዶውሱ፣ ግራፊክስ ካርዱና ራሙ። ቀጥሎ ያደረጋችሁትን በቅደም ተከተል፦ ከየትኛው ኤርፖርት፣ የቱን ተጫናችሁ፣ ምን ጠበቃችሁ፣ ምን ሆነ። አድኦኑ ብቻውን ኮሚዩኒቲ ውስጥ ሆኖም እንደሚደግመው ካረጋገጣችሁ እሱን ጻፉ፣ ብዙ ጥያቄ ያስቀርላችኋል። ሎጉን እንደ ፋይል አያይዙት እንጂ ጽሑፉ ውስጥ አትገልብጡት። እንግሊዝኛችሁ ፍጹም ባይሆን አትፈሩ። አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ብዙዎቻችን አድኦን የሚገዛልን ውጭ ያለ ዘመድ ነው፣ በእሱ ካርድና በእሱ ኢሜይል። ድጋፍ የሚሰጡት ግን ግዢው የተመዘገበበትን ኢሜይል ነው የሚያውቁት። ስለዚህ የትእዛዝ ቁጥሩን አስልኩና ግዢው በማን ኢሜይል እንደሆነ በግልጽ ጻፉ፣ ወይም ዘመዳችሁ ራሱ ይላክላችሁ። አክቲቬት የሚደረግበት ኮምፒውተር ቁጥር የተገደበ ሊሆን ስለሚችል፣ ዊንዶውስ ከመቀየራችሁ በፊት ከድሮው ላይ ፈቃዱን ማንሳት ይቻል እንደሆነ እዩ።

መልስ ሲመጣ የጠየቋችሁን አድርጉ፣ ቀድማችሁ የሞከራችሁት ቢሆንም እንኳ፤ ውጤቱንም በዚያው መልእክት ሥር መልሱ። አዲስ መልእክት ከከፈታችሁ ከወረፋው መጨረሻ ትሰለፋላችሁ። ሲፈታ ደግሞ ምን እንደፈታው በሁለት መስመር ጻፉላቸው። የሐረሩ ልጅ አሁን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባለፈው ሳምንት የላከልኝ ስክሪንሾት ላይ የድሬ መንደርደሪያ ከፊቱ ተዘርግቶ፣ ዳሽ 8 ኪው400ውን ሊያሳርፍ እየወረደ ነበር።