ለአውሮፕላን ጉዞ ሻንጣ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአውሮፕላን ለመጓዝ ዕቃ ስንሸክፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨነቀው ስለ ክብደቱ ነው፤ ፍተሻ ላይ የሚያስቆመን ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ዕቃ ያለቦታው መግባቱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ፓወር ባንክን በጭነት በሚላከው ሻንጣ ውስጥ መክተት ነው። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ወይም ጫፎቹ ከብረት ጋር ከተነካኩ፣ ሙቀቱ ራሱን በራሱ እያባባሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ይህ በመንገደኞች ክፍል ቢደርስ የበረራ ሠራተኞች ወዲያው አይተው ሊያጠፉት ሲችሉ፣ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ግን ደራሽ የለውም። የሚይዘውን የኤሌክትሪክ መጠን ሳያረጋግጡ መያዝም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነውና። ጀርባው ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ከሆነ ቁጥሩን በ3.7 ቮልት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፦ 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ 30,000 የሚለው 111 ሆኖ ገደቡን ያልፋል። ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ጨርሶ ባይያዝ ይሻላል። አውሮፕላኑ ሞልቶ የእጅ ሻንጣችን በሩ ላይ ወደ ጭነት ሲወሰድብን ደግሞ ፓወር ባንኩን ቀድሞ ማውጣት የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒትም ከእጅ መራቅ የለበትም። ሻንጣው ቢዘገይ መድኃኒቱም አብሮ ይዘገያል፤ ኢንሱሊን ደግሞ በዕቃ ክፍሉ ቅዝቃዜ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይታመንም።

ፈሳሽን በተመለከተ፣ የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ባለባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚታየው የመያዣው መጠን ነው። ግማሹ ያለቀ ባለ 200 ሚሊ ሊትር ሽቶ ይዞ «የቀረው እኮ ትንሽ ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ያለፈውን ጉዞ ታግ (ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ባርኮድ ያለበት ወረቀት) ሳይገነጥሉ መሄድ ቀላል ቢመስልም፣ ባርኮዱን የሚያነበው ማሽን ተሳስቶ ሻንጣውን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ሊልከው ይችላል።

በመጨረሻም፣ የሻንጣውን ደረሰኝ መጣልና ጉዳት እያዩ ዝም ብሎ ወደ ቤት መግባት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች፣ በሻንጣ ላይ ለደረሰ ጉዳት ቅሬታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ሻንጣው በእጅ ከገባ በ7 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ ነው።