ሻርክና ትልልቅ አሳ ከታንክ ወደ ታንክ ሲዛወር የሚሰሩ ስህተቶች

ትልቅ አሳ ከአንድ የአኳሪየም ታንክ (የውሃ ገንዳ) ወደ ሌላ ሲዛወር ከሞተ ሁሉም መንገዱን ነው የሚከሰው፣ መኪናው ነው ሙቀቱ ነው ምናምን ይባላል። እኔ ግን ካየሁት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ሳይጫን ነው፣ ስለዚ ከመያዙ ልጀምር።

አንደኛ፣ እያባረሩ መያዝ። ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ሻርክ አምልጦ ሲሯሯጥ ጡንቻው ላክቲክ አሲድ ያመርትና የደሙ አሲድነት ይጨምራል፣ እኛ ሮጠን ትንሽ አረፍ ብንል ይለቀናል እሱ ግን ለማገገም ብዙ ሰአት ይፈልጋል። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይሞትም። አንዴ እኔ ባለሁበት አንድ ጥቁር ክንፍ ሻርክ ግማሽ ሰአት ያህል በመረብ ስናሯሩጥ ቆይተን ያዝነው፣ አዲሱ ታንክ ሲገባ ጥሩ አርጎ ዋኘ፣ ተጨባብጠን ወደየቤታችን ሄድን፣ በሶስተኛው ቀን ጠዋት የታንኩ ወለል ላይ ሞቶ አገኘነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ውሃውን ቀድሞ ዝቅ ማድረግ፣ ወይ ደግሞ ለሳምንታት በምግብ እያስለመዱ ራሱ ጠባቡ ቦታ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል እኮ። ሁለቴ ሞክራችሁ እምቢ ካለ በቃ ተዉት፣ ነገም ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ በጅራት ወይ በመረብ ማንሳት። ሻርክ እንደኛ ጠንካራ አጥንት የለውም፣ ሁሉም ነገሩ እንደ ጆሯችን የሚለመጥ ነው፣ ሆድቃውን የሚከልልለት ጎድን የለም። ክብደቱን የሚሸከምለት ውሃው ነው። ከውሃ ስታወጡት የራሱ ክብደት ውስጡን ይጫነዋል፣ በጅራቱ ካንጠለጠላችሁት ደግሞ ጀርባው ይጎዳል። መረቡ አይኑንና ቆዳውን ይልጠዋል፣ ጥርሱም ይያዛል። በለስላሳ የፕላስቲክ ሸራ የተሰራ ቃሬዛ ውስጥ ከነውሃው ነው የሚነሳው፣ ትልቅ ከሆነ በክሬን።

በጀርባው ሲገለበጥ ፀጥ የሚል ብዙ አይነት ሻርክ አለ፣ ይሄን አይተው ተኛ ብለው የሚተዉት አሉ። አልተኛም! አተነፋፈሱ ሊደክም ይችላል፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም አፉ ላይ ውሃ እየፈሰሰለት።

ሌላው፣ ሻርክ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ። ነርስ ሻርክ ከውሃው ስር ወለሉ ላይ ተኝቶ በአፉ ውሃ እየሳበ ይተነፍሳል፣ ሳጥን ውስጥም ይጓዛል። መዶሻ ራስ ወይም ነጭ ሻርክ ግን ካልዋኘ ውሃ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት ክፍተት) አያልፍም ይታፈናል፣ ማዕዘን ያለው ሳጥን ለሱ ወጥመድ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም በ2004 ወጣት ነጭ ሻርክ ሲያመጣ መጀመሪያ ማሊቡ አካባቢ ባህር ላይ በተሰራ ትልቅ አጥር ውስጥ ለሳምንታት አቆይቶ መዋኘቷንና መብላቷን አይቶ ነው፣ ከዛ ወደ 11,000 ሊትር በሚይዝ ተንቀሳቃሽ ታንክ በመኪና ወሰዳት። 198 ቀን ኖራ ተመልሳ ባህር ተለቀቀች። ከዛ በፊት በየቦታው የተሞከሩት በቀናት በሳምንታት ነበር የሚሞቱት ወይ የሚለቀቁት፣ ልዩነቱ ትዕግስት ነው።

ከጉዞ በፊት ማብላትም ስህተት ነው። ይራበዋል ብላችሁ አትዘኑ፣ ከአንድ እስከ ሶስት ቀን ይፁም፣ ያለዛ መንገድ ላይ አስመልሶም ተፀዳድቶም የሚዋኝበትን ውሃ ይበክላል። ታንኩንም ግማሽ አትሙሉት፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ውሃው እየተናጠ አሳውን ከግድግዳው ያላትመዋል፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን፣ ኦክስጅን ካለ ሁሉም ሰላም ነው ማለት። አይደለም። አሳው በተዘጋ ውሃ ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል ፒኤቹ (የውሃውን አሲድነት የሚለካው ቁጥር፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ይወርዳል፣ ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያም ይጨምራል፣ ይሄ በተለይ እንደ ግሩፐር ባሉት አጥንት ያላቸው ትልልቅ አሳዎች ላይ ይብሳል። ፒኤቹ ዝቅ እስካለ ድረስ አሞኒያው ብዙም አይመርዝም። ስትደርሱ ከፍታችሁ በሃይል አየር ስትነፉበት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል ፒኤቹ ይዘላል ያ ተኝቶ የነበረው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። ስለዚ መንገድ ላይ ውሃውን እየለካችሁ ሂዱ፣ አሞኒያ የሚይዝ ፊልተር ይኑራችሁ፣ ስትደርሱ መጀመሪያ የቆሸሸውን ውሃ በአዲሱ ቀስ እያላችሁ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ ይጥፋ፣ መዳብ የነካው እቃ ሻርክ አጠገብ አይድረስ።

አትላንታ የምትኖሩ ጆርጂያ አኳሪየምን አይታችሁት ይሆናል። በ2005 ሁለት ዌል ሻርኮች (ከአሳ ሁሉ ትልቁ አይነት) ከታይዋን ተነስተው በአላስካ በኩል ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ በቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ነው የመጡት፣ ባለሙያዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ለዚህ አይነት ጉዞ ትርፍ ፓምፕ፣ ትርፍ ባትሪ፣ በባዶ ታንክ የተደረገ ልምምድ ያስፈልጋል፣ እናንተ የምትሄዱት ግን ሁለት ሰፈር ቢሆንም ፓምፕ እኩል ነው የሚቆመው።

አዲሱ ታንክ ሲገባ መብራቱን ቀንሱ፣ ግድግዳው የት እንዳለ አያውቅም በመስታወቱ ይላተማል፣ ጠላቂ ገብቶ ይምራው። ምግብ እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ጥቂት ቀን አለመብላቱ ያለ ነው። ስንጥቡ በደቂቃ ስንቴ እንደሚከፈት ግን በየሰአቱ እየቆጠራችሁ ፃፉ፣ ሌሊቱንም አንድ ሰው ይደር።