ደሴ ላይ ዳይት የሚያፈርሱ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ኪሎ መቀነስ የሚከብደው ምግቡ ስለሚጣፍጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው ብቻውን ስለማይበላም ነው። ሰርጉ፣ ማኅበሩ፣ ሰደቃው፣ ክርስትናው፣ ልቅሶው ሳይቀር ማዕድ አለው። ጎረቤቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለሆነ የሁለቱም በዓል ይደርሰናል። እኔ ኮምቦልቻ እየሠራሁ ደሴ ነው የምኖረው። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ከ84 ኪሎ ወደ 75 ወርጃለሁ። ቤቴ የማበስለው አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ያስቸገረኝ ሰው ጋር የምበላው ነው። እዚያም ቢሆን የጣለኝ የፈራሁት ክትፎ ሳይሆን ያልጠረጠርኩት ነገር ነበር።

ባዶ ሆድ ወደ ግብዣ መሄድ

"ዛሬ ሰርግ ስላለ ቁርሱን ልተወው" የሚለው ሒሳብ ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ድንኳን ውስጥ ምግብ በሰዓቱ አይቀርብም። 6 ሰዓት የተባለው ምሳ ሙሽሮቹ ፎቶ ተነስተው እስኪመጡ 9 ሰዓት ይሆናል። አንዴ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ብቻ ጠጥቼ ሄጄ፣ ወጡ ሳይወጣ ሦስት ቁራጭ ድፎ ዳቦና አንድ ለስላሳ ጨረስኩ። ከዚያ ቡፌው ተከፈተ። ሰሃኔን ያየች የሥራ ባልደረባዬ "ለቤትም ልትወስጂ ነው እንዴ?" አለችኝ። አሁን ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወይም ትንሽ ምስር እበላለሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውማ ምግብ መዝለሉ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳያማክር ይህን እንዳይሞክር።

"ዳይት ላይ ነኝ" ብሎ ማወጅ

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። እኛ ጋ የከሳ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ምን ነካህ?" ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው አክስቴ ቤት በዓመት በዓል ሄጄ እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ እትዬ፤ ዳይት ጀምሬ ነው።"

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው! በይ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

"ይቺን ብቻ" ያለችው አንድ ብልትና ግማሽ እንቁላል የተጠቀለለበት፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ጉርሻ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ቤት የወጣሁት ዳይት ባልጀምር ኖሮ ከምበላው በላይ በልቼ ነው።

ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ጋባዥ የሚያየው እጅን ነው። እጁን የሰበሰበ እንግዳ ይጎተጎታል፤ እጁ ማዕድ ላይ ያለን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ስለ ዳይቱ ዝም ብዬ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ፣ እያወራሁ፣ እስከ መጨረሻው ከሰው ጋር እቆያለሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ቀድሞ ማጉረስ ነው። አክስቴን በደንብ ካጎረስኳት፣ አላምጣ እስክትጨርስ ድረስ እኔ ነፃ ነኝ።

የሚጠጣውን አለመቁጠር

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ለስላሳ ያስጠራል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ውስጥ ግን ወደ 32 ግራም ስኳር አለ፤ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ይይዛል። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ቅባት 9። ቢራ እየጠጣ "ጥብሱ ቅባት አለው" የሚል ጓደኛ አለኝ፤ ቢያንስ ሁለቱንም ይቁጠር።

ደሴ ላይ ደግሞ ቡናው አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ብናደርግ በአንድ መቀመጫ 6 ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አንዷ የቡና መቀመጫ ጨረሰችው፤ ያውም ፈንድሻው ስኳር ሳይነሰነስበት። ከሰዓትም ሌላ ጎረቤት መጥራቷ አይቀርም። እኔ ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ተውኩት። አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው፤ ግፊት ላለበት ሰው ግን እሱንም አልመክርም።

ቀሪቦም ገብስ ብቻ አይደለም፤ ስኳር ይገባበታል። ጁስ ቤት "ያለ ስኳር" ብላችሁ ስታዙ ደግሞ ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ያ አቮካዶው ላይ የሚፈሰው ቀይ ሽሮፕም ስኳር ነው፤ እነሱ ግን አይቆጥሩትም።

ጾም ስለሆነ ቀላል ነው ማለት

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። በያይነቱ ስታዙ እዩት፦ ጎመኑ ያብረቀርቃል፣ ቀይ ወጡ ዳር ዳሩ ዘይት ጠርዟል፣ ሽሮው ላይ ሲንተከተክ የሚያብለጨልጨው ሌላ ነገር አይደለም። ምስርና ሽምብራ ጥሩ ፕሮቲን ናቸው፤ ዘይቱ ነው ነገሩን የሚያበላሸው። "ዘይት ቀነስ" ማለት ነውር የለውም። ረመዳን ላይም እንደዚሁ ነው፤ ሾርባና ተምር አስቸግረውኝ አያውቁም፣ ሳምቡሳ ላይ ግን ከአንድ በኋላ እጄን ራሴ አላምነውም።

ከሐይቅ የመጣ ዓሣም ዓሣ ስለሆነ ብቻ ቀላል አይሆንም፤ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ከተጠበሰ የተጠበሰ ነው።

እንጀራን ጠላት ማድረግ

እንጀራ ሙሉ በሙሉ ትቼ 12 ቀን ቆየሁ። በ13ኛው ቀን ፍርፍር አዘዝኩ፤ እንጀራ በእንጀራ! አሁን የሚቀርበውን ጥቅል አልነካም፤ ትሪው ላይ ከተነጠፈው የእኔን ድርሻ ብቻ እበላለሁ። መሃል ወጡ ሥር ያለውን፣ ዘይቱን ሁሉ የጠጣውን ክፍል ግን እተዋለሁ። በጣም የሚጣፍጠው እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዲያውም አብሮኝ የሚበላ ሰው ሁሌ ይደሰትብኛል።

ጦሳን ወጥቻለሁ ብሎ ማካካስ

የጦሳን ተራራ መውጣት ለልብም ለመንፈስም ጥሩ ነው። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ የሚያቃጥለው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የያዘውን ያህል ቢሆን ነው። ወርዶ ጥብስ ማዘዝ ሒሳቡን አያወራርድም።

"አንዴ ተበላሽቷል፣ ከሰኞ እጀምራለሁ"

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አላት፤ የኛ ዳይት ሁሉ እዚያ ሳይሰበሰብ አይቀርም። ቅዳሜ ሰርግ የበላ ሰው እሑድ ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎ ተኩል ጨምሮ ያገኘዋል፤ ተስፋ ቆርጦ እስከ ሰኞ ይበላል። ያ ክብደት አብዛኛው ጨውና እንጀራው የያዙት ውሃ፣ እንዲሁም ገና ያልወጣ ምግብ ነው። በአንድ ቀን ኪሎ ተኩል ስብ ለማጠራቀም ከተለመደው በላይ ከ10,000 ካሎሪ የሚልቅ መብላት ይጠይቃል፤ አክስቴም ብትሆን ይህን ያህል አታጎርስም። የሚጎዳው ከቅዳሜው ይልቅ ከእሑድ እስከ ሰኞ የሚበላው ነው።

እኔ ሰርግ በበላሁ ማግስት ሚዛን ላይ አልወጣም። የምወጣው ረቡዕ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ ነው።