እንግሊዝ ውስጥ አሮጌ ሕንፃ ከማፍረስ በፊት የአምስት ዓመት ዋስትና እንዴት ይጠየቃል?

እንግሊዝ ውስጥ አሮጌ ሕንፃ የገዛ አልሚ አንድ ስጋት አለበት፤ ንድፉ ተሠርቶ፣ የባንክ ብድሩ ተፈቅዶ ካለቀ በኋላ ሕንፃው በቅርስነት ይመዘገብና ሥራው ሁሉ ይቆማል። በተመዘገበ ሕንፃ ላይ ያለ ፈቃድ ማፍረስም ሆነ ባሕርይውን መለወጥ ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። ፍርሃቱ ቅርሱንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1980 ምዕራብ ለንደን ብሬንትፎርድ የነበረው የፋየርስቶን ጎማ ፋብሪካ ምዝገባው ሊጸድቅ ሲል በበዓል ዕረፍት ቀናት ተደርምሷል። ሕንፃው እንደማይመዘገብ ለ5 ዓመት የሚያረጋግጠው ምስክር ወረቀት ወደ ሕግ የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

መጀመሪያ የእንግሊዝን ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ በኢንተርኔት ተመልከቱ። ሕንፃው እዚያ ካለ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ከሌለ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ሕንፃውን በባለሙያ ዓይን አስመዝኑ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ይገርመኛል። ጥያቄያችሁ ሙሉ ግምገማ ያስነሳል፤ ሕንፃው ብቁ ሆኖ ከተገኘ ይመዘገባል። ዋስትና ፍለጋ ሄዶ እገዳ ይዞ መመለስ ማለት ይኸው ነው። ከ1700 በፊት ተሠርቶ መልኩን ያልለቀቀ ከሆነ አትድከሙ። ከ1945 በኋላ ለተሠሩት ግን መመዘኛው ጠበቅ ስለሚል ተስፋ አለ። ያም ሆነ ይህ፣ ክፉውን ዜና ለአርክቴክት ብዙ ገንዘብ ሳይከፈል መስማት ይሻላል።

ማመልከቻው የሚገባው የእንግሊዝን ቅርሶች ለሚከታተለው ተቋም፣ ለሂስቶሪክ ኢንግላንድ ነው፤ የሚወስነው የባህል ሚኒስትሩ ነው። የቦታውን ካርታ፣ የተሠራበትን ዘመን፣ የአርክቴክቱን ስም፣ የውጭና የውስጥ ፎቶግራፎችን አያይዙ። የመወጣጫ ደረጃውን፣ የጣሪያውን ጌጥ፣ የእሳት ምድጃውን ሳትደብቁ ፎቶ አንሱ፤ ገምጋሚው መጥቶ ማየቱ አይቀርም። ለአካባቢው የፕላን ባለሥልጣንም በዚያው ጊዜ አሳውቁ።

ምስክር ወረቀቱ ከተሰጠ ለ5 ዓመት ሕንፃው አይመዘገብም፤ የአካባቢው አስተዳደርም ሕንፃውን እንደተመዘገበ አድርጎ ለጊዜው የሚያስጠብቅ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥበት አይችልም። የግንባታ ፈቃድ ግን አይደለም። ሕንፃው በቅርስ ጥበቃ ክልል ውስጥ ከሆነ ለማፍረስ ፈቃድ መጠየቁ እንዳለ ነው።

ቀኑን አስቡበት። ምሥራቅ ለንደን የነበረው ሮቢን ሁድ ጋርደንስ የመኖሪያ ሕንፃ በ2009 ምስክር ወረቀቱን ቢያገኝም መፍረስ የጀመረው በ2017 ነበር፤ በመሃል በ2015 እንደገና መጠየቅ አስፈልጓል። ሁለተኛው ጥያቄ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ከባዶ ይገመገማል፤ ስለዚህ ሥራችሁ እንደሚጓተት ከታያችሁ የመጨረሻውን ወር አትጠብቁ።